ሁለተኛው ጆይስቲክ

ጎንደር ላይ «ክፍል ሁለት ከክፍል አንድ ይበልጣል ወይስ አይበልጥም?» የሚለው ጥያቄ ከሦስት መቶ ዓመት በላይ ሆኖታል። አፄ ፋሲል ግንባቸውን አቁመው ሲያልፉ ልጃቸው አፄ ዮሐንስ ከጎኑ የራሳቸውን ሠሩ። የልጅ ልጃቸው አፄ ኢያሱ ደግሞ በዝሆን ጥርስና በወርቅ ያጌጠ ነበር የሚባልለትን ቤተ መንግሥት አስነሡ። ከዚያ አፄ ዳዊት፣ ከዚያ አፄ በካፋ፣ ከዚያ እቴጌ ምንትዋብ እያለ ግቢው ሞላ። ማንም የአባቱን አላፈረሰም፤ ማንም ደግሞ የአባቴ ይበቃኛል ብሎ አልተቀመጠም። ዛሬ እንግዳ መጥቶ ፎቶ የሚነሣው ግን በአያትየው ግንብ ፊት ነው። ያጌጠው የኢያሱ ግንብ በ1704 የመሬት መንቀጥቀጥ ነካው፤ በ1941 ጣሊያንን ለማስወጣት በተደረገው ውጊያ ደግሞ የእንግሊዝ ቦምብ አገኘው። እንግዲህ ጎንደሬ «ክፍል ሁለት መጣልህ» ሲሉት በጎሪጥ ቢያይ አይፈረድበትም።

ነገሥታቱን ያነሣሁት ማራኪ አካባቢ ባለች አንዲት ፕሌይስቴሽን ቤት ውስጥ ስለማያልቅ ክርክር ላወጋችሁ ብዬ ነው። ቤቷ ሦስት ቴሌቪዥን፣ ሁለት አግዳሚ ወንበርና አንድ የማይሻር ሕግ አላት፤ ተሸናፊ ይከፍላል። በሁለቱ ቴሌቪዥኖች ላይ ከጠዋት እስከ ማታ ኳስ ነው። ፋሲል ከነማ በ2013 ዓ.ም. የሊጉን ዋንጫ ካነሣ ወዲህ የሰፈሩ ጎረምሳ ሁሉ ራሱን አሠልጣኝ አድርጎ ሾሟል። ሦስተኛው ጥግ ላይ ያለው ቴሌቪዥን፣ ጆይስቲኩ በፕላስተር የተጠቀለለ አሮጌ ፒኤስ ስሪ የተሰካበት፣ የተኩሰኞቹ ነው።

ተኩሰኞቹ በሁለት ጎራ ተከፍለዋል። ያንደኛው ጎራ ሃይማኖት በ2007 የወጣው ኮል ኦፍ ዲዩቲ ሞደርን ዋርፌር ነው። የሌላው በ2009 የተከተለው ሞደርን ዋርፌር ሁለት። («ዓ.ም.» ያላልኩበት ዓመት ሁሉ የፈረንጅ ነው፤ ጨዋታውም የእነሱ ነው።) ሁለቱንም የሠራቸው ኢንፊኒቲ ዋርድ የሚባል አንድ የአሜሪካ ኩባንያ ስለሆነ ጠቡ የወንድማማቾች ጠብ ነው። እንዲህ ያለው ጠብ ደግሞ ሽማግሌ ካልገባበት እንደማይበርድ ታውቃላችሁ። ሽማግሌው በጥምቀት መጡ፤ እደርስበታለሁ።

ይህን ጨዋታ ለማያውቅ አንባቢ ባጭሩ ልንገር። ሰውዬውን አታዩትም፤ እናንተው ናችሁ ሰውዬው። የምታዩት ከፊታችሁ የተደገነውን ጠመንጃና ሁለት እጆች ብቻ ነው። በግራ አውራ ጣት ትሄዳላችሁ፤ በቀኝ አውራ ጣት ዙሪያችሁን ታያላችሁ፤ በሌባ ጣት ትተኩሳላችሁ። ስትመቱ የቴሌቪዥኑ ጠርዝ ደም ይለብሳል። ከግንብ ጀርባ ገብታችሁ ትንፋሽ ከሰበሰባችሁ ግን ደሙ ይጠረግና እንደ አዲስ ትነሣላችሁ። ይህ በሁለቱም ክፍሎች ያው ነው።

ክፍል ሁለቱ ምን ጨመረ? ብዙ ነገር፤ አብዛኛውም የኳስ ተጫዋቾቹን የማይመለከት። አንደኛው ክፍል ላይ እርስ በርስ ስትጋጠሙ ሳይሞት ሦስት ሰው የጣለ የጠላትን ቦታ የሚያሳይ ቅኝት ይሰጠዋል፤ አምስት የጣለ አውሮፕላን መጥቶ ይደበድብለታል፤ ሰባት የጣለ ሄሊኮፕተር ይመጣለታል። ለሁሉም ያው ሦስቱ ናቸው፤ ምርጫ የለም። ሁለተኛው ሽልማቱን ዘርግቶ «የምትፈልገውን ምረጥ» አለ። እስከ ሃያ አምስት ለደረሰ ደግሞ ኒውክሌር ቦምብ አስቀመጠ፤ ቦምቡ ሲወርድ ማን ይመራ ማን አይጠየቅም፣ ጨዋታው አበቃ። ለባለ ድል መደገስ ለማንም አይከብድም። እኔን ያስገረመኝ ለተሸናፊውም ማሰቡ ነው። ደጋግሞ የሞተ ሰው ሲነሣ መድኃኒት ቢጤ ተሰጥቶት ለጥቂት ጊዜ ጠንክሮ ይነሣል። ተሸናፊ በሚከፍልባት ቤት ይህ ቀላል ነገር አይደለም። ያንደኛው ክፍል ወገኖች ግን «ምጽዋት ነው» ይሉታል።

በታሪኩም በኩል አንድ ደስ የሚል ነገር አለ። አንደኛው ክፍል ላይ አብዛኛውን ጊዜ የምትሆኑት ሰው ሶፕ የሚባል አዲስ ገቢ ወታደር ነው፤ ከጀመረ እስኪጨርስ አንዲት ቃል አይወጣውም። ሻምበል ፕራይስ ያዝዛል፣ ሶፕ ይታዘዛል። ሁለተኛው ክፍል ሲከፈት ያ ዝምተኛ ሻምበል ሆኖ፣ ድምፅ አውጥቶ፣ እሱ በተራው ሌላ ዝምተኛ ሲያዝዝ ታገኙታላችሁ። ሹመት አንደበት እንደሚፈታ ከጨዋታው በፊትም እናውቅ ነበር፤ ቀበሌ የሄደ ሁሉ ምስክር ነው።

አሁን ወደ ሽማግሌው። አጎቴ የጃናሞራ ሰው ናቸው። በዓመት አንዴ ለጥምቀት ደባርቅን አልፈው ጎንደር ይወርዳሉ፤ ታቦቱን ከፋሲል መዋኛ ሸኝተው ጥቂት ይሰነብታሉ። የእህቴ ልጅ የአሥራ አንደኛ ክፍል ተማሪ ነው፤ ከትምህርት ቤት ይልቅ ፕሌይስቴሽን ቤት እንደሚገኝ ያወቁ ጊዜ «እስቲ ይኼን ቤቱን አሳየኝ» አሉኝ። ሊገሥጹት ነበር የሄዱት። ጋቢያቸውን ሰብስበው አግዳሚው ላይ ተቀመጡ፤ ጎረምሶቹ ተነሥተው አሳለፏቸው፤ ዱላቸውን ግድግዳው ላይ ከፋሲል ከነማ ሥዕል አጠገብ አስደገፉ።

ያን ቀን ተራው ያንደኛው ክፍል ወገን ነበር። አንድ ልጅ ቼርኖቤል አጠገብ ፕሪፕያት በምትባለው ሰው አልባ ከተማ የሚደረገውን ዘመቻ እየተጫወተ ነው። ሁለት ሰዎች ሣር የመሰለ ልብስ ለብሰው ሜዳ ላይ ተኝተዋል። የጠላት ጦር ከነመኪናው አጠገባቸው ያልፋል። መሪው «አትነቃነቅ» ይላል፤ ልጁም ጆይስቲኩን ለቆ ትንፋሹን ይይዛል። ቤቱ ሁሉ አብሮት ይይዛል። ቆየት ብሎ ውሻ መጣ። መሪው ውሻውን አትንካው አለ።

«ይኼ ሰው አደን ያውቃል» አሉ አጎቴ። የዚያን ቀን የመጀመሪያ ቃላቸው ነበር።

ያንደኛው ወገን በደስታ ጮኸ። ልጁ ወዲያው ደፍሮ «አባባ፣ አንቱም ያድኑ ነበር?» አላቸው። አላደኑም፤ አባታቸው ግን ውጅግራ ነበራቸው። አንድ ጥይት አጉርሶ አንድ ይተኩሳል፤ ስለዚህ ውጅግራ የያዘ ሰው ሳያስብ አይተኩስም። ወንድማቸው ኋላ አምስት ጎራሽ ምንሽር ገዛ። «ጥይቱ በዛለት፤ ዒላማው ግን ጠፋበት» አሉ። ይህን ሲሉ ያንደኛው ወገን ክርክሩ ያለቀ መስሎት ነበር። በኔም ፍርድ እዚህ ላይ ልክ ነበሩ። ያን የሚያህል ትዕግሥት ሁለተኛው ክፍል ውስጥ የለም። ክፍል ሁለት ይቸኩላል፣ ያፈነዳል፣ ይሮጣል፤ ዋሽንግተንን አጋይቶ ነጩን ቤት ያስወርራል፤ ለማስደንገጥ ሲል አቅሉን ይስታል። አንደኛው ክፍል ላይ ከሶፕ ሌላ የምትጫወቱት ወታደር ኒውክሌር ቦምብ ከፈነዳ በኋላ አመድ ውስጥ እየዳኸ ይሞታል፤ ያያችሁት አይረሳችሁም። ሁለተኛው ያን አየና ደጋገመው። አንዱ ባለታሪክ ኤርፖርት ላይ ይገደላል፣ ሌላው በገዛ ጄኔራሉ፣ ሌላው እንዲያውም ሕዋ ላይ። ሦስተኛው ሲሞት ማልቀስ ይቀርና ተራውን መጠበቅ ይጀመራል። (ገና ላልጨረሳችሁት ይቅርታ፤ ከወጣ ከአሥራ አምስት ዓመት በላይ ሆኖታል።)

ኤርፖርት ያልኩት ነገር ራሱን የቻለ ነውር ነው። ሁለተኛው ክፍል ሰላማዊ መንገደኞች የሚረሸኑበት አንድ ዘመቻ አለው። ሠሪዎቹም ሳያፍሩበት አልቀሩም፤ ከመጀመሩ በፊት «ልዝለለው?» የሚል አማራጭ ሰጥተዋል። በዚያች ቤት ይዘለላል፤ ባለቤቱ ሌላ ምርጫ አይሰጥም። የተኩሱን ቴሌቪዥን ድምፅም ዝቅ አድርጎ ነው የሚያጫውተው፤ ኳሱ ግን ቢጮህ አይከለክልም። በእኛ በአማራ ክልል ውጊያ ከተነሣበት ከ2015 ዓ.ም. ክረምት ወዲህ ለምን እንደሆነ ጠይቆት የሚያውቅ ደንበኛ የለም።

ወደ አጎቴ ልመለስ። በማግስቱም ሄዱ፤ በራሳቸው እግር። ተራው የሁለተኛው ወገን ሆነና በበረዶ የተሸፈነ ገደል የሚወጣበትን ዘመቻ ከፈቱላቸው። ቦታው ካዛክስታን፣ ቲያን ሻን ተራራ ላይ ነው። ሶፕና ተከታዩ በሁለት እጃቸው መጥረቢያ ይዘው በረዶውን እየቆረቆሩ ይወጣሉ፤ ተከታዩ መጨረሻ ላይ ዘሎ ሊወድቅ ሲል ሶፕ እጁን ይይዘዋል። ራስ ዳሽንን እደጃቸው ይዘው ያደጉት አጎቴ ገደሉን ከላይ እስከ ታች መረመሩት። «እንዲህ ባለው ዋልያ እንጂ ሰው አይወጣም» አሉ። ቀጥለው ግን «እጁን መያዙ ደግ ነው» ብለው ጨመሩ። ያቺ ቃል ሁለተኛውን ወገን አነቃችው። አጎቴን የሚያሳምኑበት መላ የተገኘው እዚያ ላይ ነው።

ሞደርን ዋርፌር ሁለት ካንደኛው የሚለይበት ትልቁ ነገር ስፔሻል ኦፕስ ይባላል። ከዋናው ታሪክ ተለይተው የተቀመጡ 23 አጫጭር ዘመቻዎች ናቸው፤ ሁለት ሰዎች አንዱን ቴሌቪዥን ለሁለት ከፍለው፣ ጎን ለጎን ተቀምጠው፣ አንድ ወገን ሆነው ይዋጋሉ። አንደኛው ክፍል ላይ ሁለት ጆይስቲክ ካለህ የምታደርገው አንድ ነገር ነው፤ አጠገብህ የተቀመጠውን ወዳጅህን መግደል። ታሪኩን ልጫወት ካልክ ደግሞ ብቻህን ነህ፤ ሌላው አግዳሚው ላይ ሆኖ «በግራ! በግራ ነው ያልኩህ!» እያለ ከማናደድ በቀር ሥራ የለውም። ክፍል ሁለቱ ለዚያ ለሚያናድደው ሰው ጠመንጃ ሰጠው። ስትመታ ትወድቃለህ፤ መሬት ላይ ሆነህ በሽጉጥህ እየተከላከልክ ጓደኛህ እስኪደርስልህ ትጠብቃለህ። ደርሶ ካነሣህ ትቀጥላላችሁ፤ ካልደረሰ ለሁለታችሁም አበቃ። ደቦ ነው እንጂ ጦርነት አይደለም።

ታዲያ ደቦው ከቤቷ ሕግ ጋር ተጋጨ። ሁለቱም አሸናፊ፣ ወይም ሁለቱም ተሸናፊ ከሆኑ ማን ይክፈል? ባለቤቱ መጀመሪያ «ሁለታችሁም» አለ። ደንበኛ ሸሸ። ከብዙ ድርድር በኋላ አዲስ ሕግ ወጣ፤ ቀድሞ የሞተ ይከፍላል። ይህ ሕግ ጨዋታውን ምን እንዳደረገው የኢንፊኒቲ ዋርድ ሰዎች ቢሰሙ ደስ አይላቸውም። ወድቆ ደም እያፈሰሰ «አንሣኝ!» የሚለውን ጓደኛ ግንብ ጀርባ ሆኖ የሚያይ፣ ሒሳብ የሚሠራ ጎረምሳ በዓይኔ አይቻለሁ። ካነሣው ዘመቻው ይቀጥላል፤ ካላነሣው ይሸነፋሉ፣ ከፋዩ ግን ሌላው ነው። እስካሁን ግን አብዛኛው ያነሣል። የጎንደር ልጅ ቢዘገይም ይደርሳል።

ከነዚህ ዘመቻዎች መካከል ያለ ሁለተኛ ሰው ጭራሽ የማይጀመርም አለ። አንዱ ምድር ላይ በእግሩ ይሄዳል፤ ሌላው ኤሲ 130 በሚባል ከባድ አውሮፕላን ላይ ተቀምጦ ከሰማይ በመድፍ ይጠብቀዋል። የላይኛው መሄድ የለበትም፤ ዙሪያውን ማየትና መተኮስ ብቻ ነው። የእህቴ ልጅ ይህን አሰበና ሁለተኛውን ጆይስቲክ አጎቴ እጅ ላይ አኖረው። «አንቱ ላይ ሆነው ይጠብቁኝ፤ እኔ እታች እሄዳለሁ።» ከዚያ በፊት ምድር ላይ ሊያስኬዷቸው ሞክረው ነበር። ባንድ ጣት መሄድ፣ በሌላው ማየት አልሆነላቸውም፤ ሰማይ ሰማይ እያዩ ግድግዳ ሲገፉ ነበር የቆዩት። እዚህ ግን አንድ ጣት ይበቃል። ሰባ ዓመት ለተጠጋ ሰው መቀመጫ ያዘጋጀ የተኩስ ጨዋታ ከዚያ ቀን በፊት አላየሁም። ለኔ ክፍል ሁለቱ ክርክሩን ያሸነፈው እዚያች ላይ ነው፤ ፍንዳታውም በረዶውም ኒውክሌሩም ይቆየኝ።

ከላይ ሲታይ ምድሩ ጥቁርና ነጭ ነው፤ ሰው ሁሉ ነጭ ነጠብጣብ ይሆናል። አጎቴ አንዱን ነጠብጣብ አነጣጥረው፣ ጊዜ ወስደው፣ እንደ ውጅግራ ባለቤት አስበው አንድ መድፍ ለቀቁ። የእህቴ ልጅ ነበር።

«አባባ! እኔን እኮ ነው የመቱኝ!»

አጎቴ ጆይስቲኩን ጭናቸው ላይ አስቀመጡ። «ቀድሞ የሞተ ይከፍላል አላላችሁም?»

ከፈለ። ቤቱ ሁሉ በሳቅ ሲሞላ ኳስ ተጫዋቾቹ ዞረው አዩ፤ ይህ ከስንት አንዴ ነው። በሁለተኛው ሙከራ እስከ መጨረሻው አደረሱት። ልጁ በማግስቱ ትምህርት ቤት ሄዷል፤ ከጨዋታው ይሁን ከተግሣጹ አጣርቼ አላውቅም።

ፍርዴን ከመስጠቴ በፊት ሌሎች ክፍል ሁለቶችንም ላስታውስ፤ ሁሉም እንደዚህ አልታደሉምና። ኪልዞን የሚባለውን ጨዋታ አምስተርዳም የሚገኘው ገሪላ ጌምስ በ2004 ለፒኤስ ቱ ሲያወጣው ምስሉ ይንቀጠቀጥ ነበር፣ ጠላቶቹም አስተዋይ አልነበሩም። ግን አንዱን ቴሌቪዥን ለሁለት ከፍሎ ያጫውት ነበር። በ2009 ኪልዞን ሁለት መጣ፤ ብርሃኑና ጭሱ ዛሬም ዓይን ይይዛል፤ ጠመንጃው ክብደቱ እጅ ላይ ይሰማል፤ በኢንተርኔት 32 ሰው ያጋጥም ነበር። አንድ ቴሌቪዥን ለሁለት መክፈሉን ግን ተወው። የሩቁን 32 ሰው አገናኝቶ አጠገብህ የተቀመጠውን አስነሣው። ለፕሌይስቴሽን ቤት ይህ እድገት አይደለም።

ታይታንፎል ደግሞ የተገላቢጦሹ ነው። የ2014ቱ ኢንተርኔት ከሌለ ዋጋ የለውም፤ ለፕሌይስቴሽንም አልመጣም። የ2016ቱ ታይታንፎል ሁለት ለፒኤስ ፎር መጣ፤ የአንድ አብራሪና የአንድ ሮቦት ታሪክ ጨምሮ፣ ያለ ኢንተርኔት ብቻህን ከዳር እስከ ዳር የምትጫወተው ሆነ። በክልላችን የሞባይል ኢንተርኔት በተቋረጠባቸው ወራት ይህ ምን ማለት እንደነበር ለጎንደር ልጅ ማስረዳት አያስፈልግም። ሠሪዎቹ ጎንደርን አስበው እንዳልሠሩት አውቃለሁ። ቢሆንም እግዜር ይስጣቸው።

ስለዚህ ፍርዱ ይህ ነው። ታሪክ የሚፈልግ፣ ሣር ላይ ተኝቶ ትንፋሹን መያዝ የሚችል፣ ብቻውን መቀመጥ የማይከብደው ሰው ያንደኛውን ዲስክ ይክፈት፤ በጥበብ ይበልጣል። አጠገቡ ሰው ያለው የሁለተኛውን ይክፈት። እኔ ለራሴ የሁለተኛው ወገን ነኝ፤ አጎቴም ወደ ጃናሞራ ሲመለሱ ያሉት «ያ አብሮ የሚኬድበቱ ይሻላል» ነው። ለነገሩ እሳቸው ሄደው አያውቁም፤ ከሰማይ ሆነው ነው።

አንድ ማሳሰቢያ ለባለ ፕሌይስቴሽን ቤቶች። በ2020 ሞደርን ዋርፌር ሁለት ምስሉ ተወልውሎ ለፒኤስ ፎር እንደገና ወጥቷል፤ ያማረ ነው። ይዞ የመጣው ግን የብቻውን ታሪክ ብቻ ነው። እርስ በርስ መጋጠሙ የለም፤ ሃያ ሦስቱ የሁለት ሰው ዘመቻዎችም የሉም። አዲሱን ስትገዙ አሮጌውን ፒኤስ ስሪ አትሽጡ፤ ሁለተኛውን ጆይስቲክም አስጠግኑት።